ሾርዩከን በአንድ ቁልፍ፦ የስትሪት ፋይተር 6 «ሞደርን» ኮንትሮል

ሁለት ተፋላሚዎች ፊት ለፊት ስለሚገጥሙበት የካፕኮም ጌም፣ ስለ ስትሪት ፋይተር 6፣ ብዙ ተብሏል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ከወጣ ጀምሮ ግራፊክሱም፣ ኦንላይኑም፣ ታሪኩም በደንብ ተተንትኗል። እኔ የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ምርጫ ነው። የምትጫወቱበትን ሰው መርጣችሁ ልትገቡ ስትሉ ጌሙ ስለ ቁልፍ አጠቃቀማችሁ «ክላሲክ ወይስ ሞደርን?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ብዙ ሰው ሳያስብበት ያልፋታል። ለእኔ ግን ካፕኮም በዚህ ጌም ከሠራው ሁሉ ትልቁ ሥራ እሷ ናት። ቅሬታዬም ያለው እዚያው ላይ ነው።

ክላሲክ የምናውቀው የድሮው ነው። ስድስት ቁልፍ አለው፤ ሦስት ቡጢ፣ ሦስት እርግጫ። ስፔሻል፣ ማለትም የተፋላሚውን ልዩ ምት፣ ለማውጣት ደግሞ አቅጣጫውን በቅደም ተከተል ማዞር ግድ ነው። የዋናው ተፋላሚ የሪዩ ሀዶከን፣ ከእጁ የሚወረውረው የኃይል ኳስ፣ ታች፣ ታችና ፊት፣ ፊት፣ ከዚያ ቡጢ ነው። ተጫዋቾች ይህን በቁጥር ነው የሚጽፉት። የኮምፒውተር ኪቦርድ በቀኝ በኩል ያሉትን ቁጥሮች አስቡ። 5 መሀል ላይ ነው። ታች 2 ነው፣ ታችና ፊት 3፣ ወደ ፊት ደግሞ 6። ስለዚህ ሀዶከን 236 ይሆናል። ሾርዩከን፣ ወደ ላይ ዘሎ የሚመታበት ቡጢ፣ 623 ነው፤ ፊት፣ ታች፣ ታችና ፊት። ወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። ሰው ዘሎ ጭንቅላታችሁ ላይ ሊያርፍ ሲል ግን አውራ ጣታችሁ የራሷን መንገድ ትሄዳለች።

ይህ ነገር የተጀመረው በ1987 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በመጀመሪያው ስትሪት ፋይተር ነው። ያኔ ስፔሻሎቹ እንደ ምስጢር ነበሩ። ካወቅክ አወቅክ፣ ካላወቅክ በቡጢና በእርግጫ ብቻ ትታገላለህ። በ1991 ስትሪት ፋይተር 2 ሲመጣ ግን ያቺ ሩብ ክብ፣ 236፣ ዓለምን አዳረሰች። ከዚያ በኋላ የመጡት የፋይቲንግ ጌሞች አብዛኞቹ ከእሷ ተበድረዋል።

እኔ ያደግኩት ጌም ቤት ነው። እኛ ሰፈር የነገሠው ግን ቴከን 3 ነበር፤ ምክንያቱም ቴከን ላይ ዝም ብለህ ብትቀጠቅጠውም አንድ ነገር ይወጣል። ኤዲ የሚባለውን ተፋላሚ የያዘ ልጅ ቁልፉን ሁሉ አንድ ላይ ይደልቀዋል፤ ኤዲ ተገልብጦ ይጨፍራል፤ አንተ ትሸነፋለህ። «ኤዲ ክልክል ነው» እስከመባል ደርሶ ነበር። ስትሪት ፋይተር ላይ እንዲህ ብታደርግ ሪዩ ቆሞ ባዶ አየር ይቦክሳል። ለዚህ ነው ብዙ ጓደኞቼ አንዴ ሞክረው ጆይስቲኩን የመለሱት። ጌሙን ጠልተውት አልነበረም። ጨርሶ አልደረሱበትም።

አሁን ወደ ሞደርን እንምጣ።

ሞደርን ላይ ስድስቱ ቁልፎች ወደ ሦስት ይወርዳሉ፦ ላይት፣ ሚዲየም፣ ሄቪ። አራተኛው ስፔሻል ነው። በፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ላይ ሦስት ማዕዘኗ መሆኗ ነው። አቅጣጫ ሳትነኩ ስፔሻልን ብትጫኑ ሪዩ ሀዶከን ይለቃል። ወደ ፊት ይዛችሁ ብትጫኑ ሾርዩከን። በቃ። ሌላው አቅጣጫም የየራሱ ስፔሻል አለው። ስፔሻልና ሄቪን አንድ ላይ ስትጫኑ ሱፐር፣ ማለትም ከስፔሻል የሚከብደው ምት፣ ይወጣል፤ ከሦስቱ ሱፐሮች የትኛው እንደሚሆን የያዛችሁት አቅጣጫ ይወስናል። አሲስት የምትባለዋን ይዛችሁ ስፔሻል ስትጫኑ ደግሞ የተጠናከረው ስፔሻል፣ ማለትም ኦቨርድራይቩ ይመጣል። ሙሉ መመሪያው ይሄው ነው። ሻይ እስኪቀርብ ያልቃል።

ዋጋም ተቆርጦለታል። በአቋራጭ የወጣ ስፔሻልና ሱፐር ጉዳቱ በ20 በመቶ ይቀንሳል። ሪዩን እንውሰድ። ሦስተኛው ሱፐሩ ሺን ሾርዩከን 4,000 ይመታል። የአብዛኞቹ ተፋላሚዎች ሙሉ ጤና 10,000 ነው። በአቋራጭ ካወጣችሁት 3,200 ነው የሚመታው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን እዚህ ጋ አለ። ሞደርን ይዛችሁም 236ን በእጃችሁ ማዞር ትችላላችሁ። በእጅ ካዞራችሁት ጉዳቱ አይቆረጥም። አቋራጩ ስላለ ዋናው መንገድ አልተዘጋም ማለት ነው። ይህን ያሰበው ሰው፣ ማንም ይሁን፣ ደመወዙ ይጨመርለት።

እኔ ይሄን ሁሉ የተረዳሁት ከታናሽ እህቴ ጋር ስጫወት ነው። እሷ ጌም ቤት ገብታ አታውቅም። በእኛ ጊዜ፣ ቢያንስ በእኛ ሰፈር፣ ጌም ቤት ለሴት ልጅ ፊት የሚሰጥ ቦታ አልነበረም። ጆይስቲክ መያዝ የጀመረችው ከትልቅነቷ በኋላ ነው። የመረጠችው ዛንጊፍን ነው። «ትልቁን ስጠኝ» ብላ።

ዛንጊፍ ሩሲያዊ ታጋይ ነው። ክላሲክ ላይ ከባዱ ሰው ነው። ዋናው አያያዙ ሙሉ ክብ ማዞር ይፈልጋል። ሦስተኛው ሱፐሩ ደግሞ ሁለት ሙሉ ክብ። ችግሩ ገብቷችኋል? ሙሉ ክብ ስታዞሩ «ላይ»ን ትነካላችሁ። ላይ ማለት መዝለል ነው። ስለዚህ ቆሞ ሁለት ክብ ለማዞር ሰውየው መሬት ከመልቀቁ በፊት መጨረስ አለባችሁ፤ ወይም ሌላ ነገር እያደረገ ሳለ ክቡን ደብቃችሁ ማዞር። ይህን ለማድረግ ዓመታት የፈጁ ሰዎች አሉ። የግራ አውራ ጣቴ ጫፍ ላይ ያለው ደረቅ ቆዳ የመጣው ከዚያ ነው።

እህቴ ሁለት ቁልፍ ትጫናለች። አለቀ። ዛንጊፍ አንስቶ ይፈጠፍጠኛል።

መጀመሪያ ላይ ደሜ ፈልቶ ነበር፣ አልዋሽም። «ይሄማ ጨዋታ አይደለም» ብዬ ክላሲክ ያዢ አልኳት። «ለምን?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ቁጭ ብዬ ሳያት ግን የገባኝ ሌላ ነገር ነው። እሷ ጣቷን አታይም። እኔን ነው የምታየኝ። መቼ እንደምዘልል፣ መቼ እንደምፈራ፣ ጥግ ስደርስ ምን እንደማደርግ። እኔ ግማሹን ሐሳቤን አውራ ጣቴ ላይ ጥዬ፣ በቀረው ግማሽ ነው የምጫወተው። ፋይቲንግ ጌም ማለት ደግሞ ከፊትህ ያለውን ሰው ማንበብ ነው። አቋራጩ የሰጣት ጉልበት ሳይሆን ዓይን ነው።

ይህ በደንብ የሚታየው ሰው ሲዘልባችሁ ነው። ጌሙ በሴኮንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ ይሄዳል። አንድ ዝላይ ከተነሣ እስኪያርፍ አንድ ሴኮንድ አይሞላም። በዚያ ውስጥ ማየት፣ መወሰንና ማድረግ አለባችሁ። በክላሲክ የ«ማድረግ»ዋ ድርሻ ሦስት አቅጣጫና አንድ ቁልፍ ነው። በሞደርን አንድ አቅጣጫና አንድ ቁልፍ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እዚያች ጠባብ ጊዜ ውስጥ ግን ትንሽ የሚባል ነገር የለም። እህቴ ላይ መዝለል ትቻለሁ። መሬት ለመሬት እየተጎተትኩ ነው የምጫወተው። ስትሪት ፋይተር ላይ ይሄ ራሱ ግማሽ ሽንፈት ነው።

አሁን ደግሞ አንዲት ረቂቅ ነገር ላሳያችሁ። ክላሲክ ላይ የታወቀ ጣጣ አለ። ወደ ፊት እየሄዳችሁ ሀዶከን ልትወረውሩ ትፈልጋላችሁ። ወደ ፊት መሄድ 6 ነው። ከዚያ 236 ትጨምራላችሁ። በአንድ ላይ 6236 ሆነ። ጌሙ በውስጡ 623ን ያያል። ሁለቱም ሲያጋጥሙት ደግሞ ለሾርዩከን ያደላል። ውጤቱ፦ ሰውየው ሩቅ ቆሞ እያያችሁ እናንተ ባዶ አየር ላይ ትነሣላችሁ። ወርዳችሁ እስክትቆሙ እሱ ሙሉ ኮምቦ፣ ማለትም ተከታታይ ምት፣ ያዘጋጃል። መድኃኒቱ ከመራመድ በኋላ ጣትን ለአፍታ መሀል ላይ መልሶ ከዚያ 236 ማዞር ነው።

ሞደርን ይህን ያጠፋ ይመስላችኋል። አላጠፋውም። ወደ ፊት እየተራመዳችሁ ስፔሻልን ከተጫናችሁ የሚወጣው ሾርዩከን ነው፤ ምክንያቱም ወደ ፊት ይዛችኋል። ሀዶከን ከፈለጋችሁ አሁንም ጣታችሁን ማንሳት አለባችሁ። ያው ጣጣ ልብስ ቀይሮ መጣ። እህቴ ላይ ሲደርስ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልከፋኝም።

ቅሬታዬ 20 በመቶው አይደለም። እሱ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም ርካሽ ነው። የሚያናድደኝ የጠፉት ምቶች ናቸው። ክላሲክ ላይ ቡጢና እርግጫ ለየብቻ ናቸው። የትኛው ረዥም፣ የትኛው ፈጣን፣ የትኛው ዝቅ ያለ እንደሆነ ታውቃለህ፤ እንደ ሁኔታው ትመርጣለህ። ሞደርን ላይ «ሚዲየም» ስትጫን ቡጢ ይሁን እርግጫ ጌሙ ቀድሞ ወስኖልሃል። አንዳንዶቹን በአሲስት ታገኛቸዋለህ። አንዳንዶቹ ግን ጭራሽ የሉም። ጀማሪ ይህን አያስተውልም። ትንሽ ከፍ ሲል ግን ይሰማዋል። አንድ ርቀት ላይ ደርሶ «እዚህ ጋ የምመታበት ነገር ነበረኝ መሰለኝ» ይላል። አልነበረውም።

የስፔሻሉ ጥንካሬም እንደዚያው። በእጅ ስታዞር ቀላሉን፣ መካከለኛውን ወይም ከባዱን ራስህ ትመርጣለህ። በአቋራጭ የተቆረጠልህ አንዱ ነው። ፈጣኑንና ዝግተኛውን ሀዶከን እያቀያየሩ ሰውን ማወናበድ የሪዩ ግማሽ ሕይወቱ ነው። አቋራጭ ብቻ ከተጠቀምክ ሁሌም በአንድ ፍጥነት ትወረውራለህ። ተጋጣሚህ ለመደው ማለት ነው።

አሲስት ኮምቦ የሚባለውን ደግሞ ከነጭራሹ አልወደውም። አሲስትን ይዛችሁ አንዱን ቁልፍ ደጋግማችሁ ስትመቱ ጌሙ ራሱ ኮምቦ ይሠራላችኋል። ለመጀመሪያው ሳምንት ደስ ይላል። ግን ሁሌም ያው ነው። አንዳንዱ ደግሞ የድራይቭ ጌጃችሁን፣ ኦቨርድራይቭ የሚከፈልበትን ጉልበት፣ ሳትፈልጉ ይበላዋል። ይህ ጌም ላይ ስድስቱን የድራይቭ ሣጥን የጨረሰ ሰው በርንአውት፣ ማለትም ጉልበት ያለቀበት ሁኔታ ውስጥ፣ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ጥግ ላይ ድራይቭ ኢምፓክት የሚባለው ከባድ ምት ከመጣበት አለቀለት። ስለዚህ ምክሬ፦ አሲስት ኮምቦን ለመልመጃ ተጠቀሙበት፣ ከዚያ የራሳችሁን አጭር ኮምቦ ሥሩ። ሦስት ምት ይበቃል።

ሞደርን ለሚይዝ ሰው ይጠቅማል የምለው አጠቃቀም ይሄ ነው። ጊዜ በማይኖርበት ቦታ አቋራጩን ተጠቀሙ፤ ሰው ሲዘልባችሁ፣ ወይም ሰው ተሳስቶ ሱፐር በቅጽበት ማውጣት ስትፈልጉ። ጊዜ ባለበት ቦታ ግን በእጃችሁ አዙሩ። ሰውየው ሾርዩከን ስቶ ከላይ እየወረደ ነው እንበል። እንኳን 236፣ አቡነ ዘበሰማያት ይደርሳል። እዚያ ጋ 20 በመቶ መጣል ቸርነት ሳይሆን ስንፍና ነው። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው አስቸጋሪ ነው። ከአቋራጩ ፍጥነትን፣ ከእጁ ሙሉ ጉዳትን ይወስዳል።

ደረጃ በሚያዝበት የኦንላይን ግጥሚያ፣ በራንክድ፣ ክላሲክና ሞደርን አንድ ላይ ነው የሚገጥሙት። ከስማችሁ አጠገብ የትኛውን እንደያዛችሁ ስለሚታይ ድብቅ ነገር የለም። ሞደርን መሆኑን ሳይ አጨዋወቴን እቀይራለሁ፤ ዝላይ እቀንሳለሁ፣ ሱፐሩ ሲሞላ ከሩቅ አልወረውርም። ይሄ ራሱ ጨዋታ ነው። «ማጭበርበር ነው» የሚሉ አሉ፤ አብዛኞቹ እንደ እኔ ቆዳቸው የደረቀ ናቸው። ለማንኛውም ክላሲክ አልሞተም። በነሐሴ 2023 ላስ ቬጋስ ላይ በትልቁ የፋይቲንግ ጌም ውድድር በኢቮ የመጀመሪያውን የስትሪት ፋይተር 6 ዋንጫ የወሰደው ከኤምሬትስ የመጣው አንግሪበርድ ነው። ኬን የሚባለውን ተፋላሚ ይዞ፣ በክላሲክ። ከ7,000 በላይ ሰው በተመዘገበበት ውድድር። ዱባይ ያሉ ዘመዶቻችን ያንን ሰሞን ምን ያህል እንደኮሩ አይነገርም፤ ራሳቸው የተጫወቱ ነበር የሚመስሉት።

ካፕኮም ይህን ነገር ዛሬ አልጀመረውም። በ2011 ኒንቴንዶ 3ዲኤስ ላይ ስትሪት ፋይተር 4ን ሲያወጣ የታችኛውን ስክሪን በጣት ነክቶ ስፔሻል ማውጣት ይቻል ነበር። ቅጣት የሚባል ነገር ስላልነበረው ኦንላይኑ መላ ቅጡ ጠፍቶት ነበር። ሌሎቹም ሞክረዋል። ግራንብሉ ፋንታሲ ቨርሰስ በ2020 በአቋራጭ ላወጣ ሰው ስፔሻሉ ተመልሶ እስኪገኝ ረዘም ያለ ጊዜ ያስጠብቅ ነበር። ቴከን 8 ስፔሻል ስታይል የሚል አለው፤ በግጥሚያ መሀል ማብራትና ማጥፋት ይቻላል። 2ኤክስኬኦ ደግሞ ማዞር የሚባለውን ነገር ከነአካቴው ትቶታል። ከእነዚህ ሁሉ የካፕኮሙ ይሻለኛል። ቅጣቱ በግልጽ ይታያል፣ በቁጥር ይታወቃል፣ በእጅ በማዞር ደግሞ ማምለጥ ይቻላል።

ስለ ጆይስቲክ አንድ ነገር ልበል፤ ለእኛ አገር ሰው ይሄ ቁም ነገር ነው። አብዛኞቻችን የምንገዛው ያገለገለ ነው። ያገለገለ ጆይስቲክ ላይ ቀድሞ የሚሞተው አናሎጉና የአቅጣጫ መስቀሉ ነው። የአቅጣጫው ታችና ፊት በአንድ ላይ ካልነካ 236 የሚባል ነገር የለም፤ 26 ይሆንና ሪዩ አፍጥጦ ያያችኋል። ሞደርን እዚህ ላይ ምሕረት አለው። ጎን ጎን እስከሠራ ድረስ ሾርዩከን ይወጣል። አናሎጉ በራሱ ወደ አንድ ጎን የሚሳብ ከሆነ ግን ሞደርንም አያድናችሁ፤ ሀዶከን ስትሉ ሌላ ስፔሻል ይወጣል። ስትገዙ ትሬኒንግ ከፍታችሁ የምትጫኑትን ስክሪኑ ላይ እያያችሁ ፈትሹ። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

ለትንንሽ ልጆች ሦስተኛ ምርጫም አለ፤ ዳይናሚክ ይባላል። ልጁ ቁልፍ ይመታል፣ ጌሙ እንደ ርቀቱ የሚሆነውን ራሱ ያወጣለታል። ኦንላይን አይገባም። የእህቴ ልጅ በእሱ አባቱን አሸንፏል። ስለዚህ ጉዳይ ቤት ውስጥ አይወራም።

ለማን ይሆናል ካላችሁኝ፦ ዛንጊፍን ለሚወድ ሰው ሞደርን ዓይኑን ጨፍኖ ይያዝ። ሪዩን ለሚወድ፣ በሞደርን ይጀምርና ሀዶከኑን ቀስ በቀስ በእጁ ይልመድ። ስትሪት ፋይተር 2 ላይ ያደገ ሰው በክላሲኩ ይቆይ፤ የጠፉት ምቶች ያበሳጩታል።

ከመግዛታችሁ በፊት ነፃ ዴሞ አለ። ሪዩና ሉክ ብቻ ናቸው ያሉበት፣ ግን ክላሲክንም ሞደርንንም ለመሞከር ይበቃል። ፋይሉ ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ማታ ሰው ሲተኛ አስጀምሩትና ተኙ፤ መብራት ካልሄደ ጠዋት ይደርሳል።